ሩብ ዙር ያልዞረው ዳዶ

ኔሪዮ ክሪኩን ቶሎ አይነካም። መጀመሪያ መኪናዋ መሬት ላይ እንደቆመች የኋላ ግራ ጎማዋን አራት ቡሎኖች ግማሽ ግማሽ ዙር ያላላቸዋል። ክሪኩ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ጎማው ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ ሲል ያቆምና ቡሎኖቹን አውጥቶ ባርኔጣው ውስጥ ያስቀምጣል፤ መሬት ላይ ከተቀመጡ አሸዋ ይይዛሉ። የበጋውን ጎማ ያወጣል፣ የበረዶውን ይሰካል። ቡሎኖቹን በጣቱ ያስገባል፤ በጣት እምቢ ያለ ቡሎን በመፍቻ መገደድ የለበትም። በመስቀል አቅጣጫ ጠበቅ ጠበቅ ያደርግና መኪናዋን ያወርዳል። በመጨረሻ ረጅሙን መፍቻ ያነሳል። ይህ መፍቻ ልኩ ላይ ሲደርስ ድምፅ ያሰማል። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። በየቡሎኑ ላይ ቢጫ ቀለም ያሰምርና እጁን ይሰበስባል።

«ደግመህ አታየውም?» አሉ ሲኞራ ዲርቼ፣ የጋራዡ በር ላይ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ።

«አንዴ ቀጭ ካለ አለቀ፣ ሲኞራ።»

«እኔስ የሾርባውን ጨው ሁለቴ ሳልቀምስ አውጥቼ አላውቅም።»

«ለዚህ ነዋ ሁለቴ ጨው የሚገባበት።»

«አፍህን ያዝ! ሰማንያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የበላህበትን ሳህን ትሳደባለህ?» አሉና ያመጡትን የበለስ ማርማላታ ከጠረጴዛው ላይ መልሰው የሚወስዱ መሰሉ። ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «ሐኪሙ ዓይንሽ አይነዳም ብሎኛል። መኪናዋን ቅዳሜ ለልጅ ልጄ እሰጣለሁ፣ እኔ ደግሞ ቶሪኖ ያለችው ልጄ ጋ እገባለሁ። የምትቀይርልኝ የመጨረሻ ጎማ ይኸው ነው።»

ኔሪዮ ክሪኩን ወደ ሁለተኛው ጎማ አንከባለለ። ሦስት ቀርተውታል። በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ የበረዶ ጎማ የግድ በሚሆንበት ሳምንት፣ ሲኞራ ዲርቼ ወንዙን ተሻግረው ይመጣሉ፤ በየዓመቱም አንድ ነገር ሊነግራቸው ይቆርጣል። አራት ጎማ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። አርባው ደቂቃ ያልቃል፣ እሱም ሳይናገር ይሸኛቸዋል።

ነገሩ የሃያ ስድስት ዓመት ነገር ነው። ኢሞላ የመኪና መሽቀዳደሚያ ላይ፣ የዓመቱ መዝጊያ ውድድር ላይ፣ ኔሪዮ ጎማ በሚቀይርበት ቡድን የሚነዳው የሲኞራ ዲርቼ ልጅ ሎሪስ እየመራ ጎማ ሊቀይር ገባ። የውድድር መኪና ጎማ የሚታሰረው በአንድ ትልቅ ዳዶ ነው። ኔሪዮ የኋላ ግራውን በአየር መፍቻው አሰረ፣ እጁን አነሳ፣ ያን ጊዜ «ላልቶ ቢሆንስ» ብሎ ልቡ ከዳው። መፍቻውን መልሶ ጫነው። አንድ ሰከንድ ተኩል ሄደ። ሎሪስ ውድድሩን በሰባት አሥረኛ ሰከንድ ተሸነፈ።

የቡድኑ አለቃ «ምን ነክቶህ ነው የደገምከው?» ብሎ ሲጮህበት፣ ኔሪዮ «ላልቶ ነበር፤ ሩብ ዙር ዞረልኝ» አለ።

አልዞረም። በጠበቀ ዳዶ ላይ የአየር መፍቻ ሲጫን ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዞርም፤ ይህን እጅ ያውቀዋል። ሎሪስ ግን በላብ እንደተጠመቀ መጥቶ ትከሻውን አቀፈው። «ተዉት፤ ሕይወቴን ነው ያተረፈው» አለ።

ያሸነፈውን ልጅ፣ ስላሸነፈ፣ አንድ ትልቅ ቡድን ወሰደው። ሎሪስ በጸደይ የኪራይ መኪና ይዞ የተራራ ላይ ውድድር ገባ። ዘነበ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ከድንጋዩ ግንብ ጋር ተላተመ፤ እዚያው ሞተ።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ባር ውስጥ የ«ቢሆን ኖሮ» ወሬ አልቆመም። ባለባሩ ፕሪሞ «ያን ቀን ባይዘንብ!» ይላል። ሌላው «የራሱ መኪና ቢሆን ኖሮ!» ይላል። መጨረሻ ላይ ፕሪሞ ለኔሪዮ በነፃ ይቀዳለትና «ይኼ ሰውዬ ባይኖር ሎሪስን እዚያው ኢሞላ ነበር የምናጣው» ይላል። ወይኑ እንደ ሬት ነው የሚወርደው።

አራተኛው ጎማ ላይ ደረሰ። ሦስት ቡሎን ቀጭ አሰኘ። አራተኛው ላይ መፍቻውን እንደጫነ ቆመ።

«ሲኞራ፣ ዳዶው አልላላም ነበር። ሩብ ዙር የሚባል ነገር የለም። ዋሽቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምን?»

«የዚያን ዕለት እራት ላይ ነገረኝ። መፍቻው ሲንቀጠቀጥ ወንበሩ ድረስ ተሰምቶታል። ‹ጠብቆ ነበር፣ ማማ። ግን እንዳትነግሪው፤ እጁ ይፈራል› አለኝ። ‹እጁ የፈራ ሰው ከሥራው ይወጣል› አለ።»

ኔሪዮ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሎሪስ በሞተ በሁለተኛው ወር ከውድድር ሥራ ወጥቶ ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንተ እንድትለው ነዋ! ጎማ የሚቀይር ሰው ቤቴ ሥር አለ፤ ለርካሽ ዋጋህ መስሎህ ነው ወንዝ የምሻገረው? ሃያ ስድስት ኅዳር እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያው ብትለው አብረን አልቅሰን ይወጣልን ነበር። አሁን እንባውም የለኝ።» መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉ። «በል፣ ቡሎኑን ጨርስ። የልጅ ልጄ ሕፃን ልጅ ትሳፈርባታለች።»

ቀጭ።

ሲኞራ ዲርቼ ቅዳሜ ሄዱ። ኔሪዮ ባሩ ውስጥ እውነቱን ተናገረ፤ ማንም አላመነውም። «ትሑት ነው» አሉና ቀዱለት። ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ሁሉ አንድ ልመና አለው፦ «በእኛ ሰፈር በኩል ካለፋችሁ፣ ባሩ ውስጥ ሩብ ዙር ሲሉ ከሰማችሁ፣ እባካችሁ በአዎንታ ራሳችሁን አትነቅንቁላቸው። ዳዶው ጠብቆ ነበር በሏቸው። ሎሪስም ያውቅ ነበር በሏቸው።»