የዳልኬ እግርና የወንጌላዊው ሞተር

ባለፈው ወር ቀኝ ትከሻዬ አልታዘዝ ብሎኝ ሶዶ ከተማ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የኖረ ክንድ አንድ ቀን ማኩረፉ አይቀርም። ያስተናገደኝ ወጣት ከጥቂት ዓመታት በፊት ባዮሎጂ ያስተማርኩት ልጅ ሆኖ ተገኘ። ሽቦ ያላቸው ሁለት ተለጣፊ ነገሮች ትከሻዬ ላይ ለጠፈና "ቲቸር፣ ትንሽ ይነዝርዎታል፣ አይፍሩ" አለኝ። ማብሪያውን ሲያዞረው ከአልጋው ዘልዬ ወረድኩ። ልጁ ደንግጦ፣ ኃይሉን ያበዛው መስሎት ይቅርታ ይጠይቀኝ ጀመር። ኃይሉስ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። እኔ የዘለልኩት የወንድሜ የዳልኬ እግር ድንገት ዓይኔ ላይ ስለመጣብኝ ነው።

ነገሩ የሆነው ደርግ ወድቆ ተዘግተው የነበሩት ቤተ ክርስቲያኖቻችን በተከፈቱ ሰሞን ነው። እኔ ሶዶ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር። ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ዲምቱ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ወረድኩ። ከሶዶ ብርድና ጭቃ ወጥቶ በመስከረም ዲምቱ መግባት ደስ ይል ነበር። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ ሙቀቱ ግን ከእግር ጀምሮ ይቀበላል። በየደጁ የበቆሎ እሸት ይጠበሳል። እናታችን የቀቀለችውን ስኳር ድንች በዳጣ እያጠቀስን ስንበላ፣ ዳጣው ምላሳችንን አቃጥሎን ውኃ ስንሻማ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

በጊፋታ ሰሞን ሥራ ስለማይሠራ፣ በዓሉ ሳይደርስ እንጨቱ ተፈልጦ፣ የከብቱ ሣር ታጭዶ መከመር አለበት። ሣሩ የዳልኬ ሥራ ነበር። አባታችን ከሞተ ወዲህ እርሻውንም ቤቱንም የያዘው እሱ ነው። የእኔን የእህቱን የትምህርት ቤት ወጪ የሚችለውም እሱ ነበር። ገና ሃያዎቹን መጀመሩ ነው፤ ቁመቱ መለሎ፣ ሲራመድ የሆነ ቦታ ሰው የሚጠብቀው ይመስል ጥድፍ ጥድፍ የሚል። እናቴ "ይሄ ልጅ ከጥላው ጋር ይሽቀዳደማል" እያለች ትስቅበት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ላይ ማጭዱን እንደያዘ በራሱ እግር እየተራመደ መጣና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። እባብ ነክሶታል። ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ሁለት ነጠብጣብ ደም ይታያል። እባቡን ገድሎታል፤ ወፍራምና አጭር፣ ቡናማ መልክ ያለው ነው አለን። ዛሬ ቢሆን ምን ዓይነት እባብ እንደሆነ ወዲያው እነግረው ነበር። ያን ጊዜ ግን ሁላችንም የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እባብ የነከሰው ሰው ወደ ወንጌላዊ ዮናስ ይወሰዳል። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ቀዳ ከጉልበቱ በታች ጥብቅ አድርጋ አሰረችው፣ ጎረቤት ደግሞ ወንጌላዊውን ሊጠራ ሮጠ።

ወንጌላዊ ዮናስ በአካባቢው ሞተር ሳይክል ያለው ብቸኛ ሰው ነበር። በሞተሩ ከመንደር መንደር እየዞረ ይሰብካል፣ ይጸልያል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። የደከመች አሮጊት መንገድ ላይ ካገኘ ወርዶ እሷን አስቀምጦ ሞተሩን በእጁ የሚገፋ ሰው ነው። አንድ ፈረንጅ በሰጠው ኮርስ ላይ የእባብ መርዝ በኤሌክትሪክ እንደሚከሽፍ ተምሮ መጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የነዘራቸው ሰዎች ሁሉ እንደዳኑ አገሩ በሙሉ ያወራል።

መጣና ሞተሩን ደጃችን ላይ በማቆሚያው አቆመው። መጀመሪያ ጸለየ። ከዚያ የሞተሩን ነዳጅ በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ላይ የተሰካውን ሽቦ ነቀለና ጫፉን ንክሻው ላይ እንዲይዝ ለአንድ ጎረቤት ሰጠው። የዳልኬ እግር እርጥቡ መሬት ላይ እንዲሆን አደረገ። ቀጥሎ የሞተሩን መርገጫ ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ። የካንዴላው ሽቦ ስለተነቀለ ሞተሩ አይነሳም፤ የሚሰማው የመርገጫው ድምፅና የብልጭታው ጠሽ ጠሽ ማለት ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ርግጫ የወንድሜ ገላ በሙሉ ከመሬት ይነሳል። ወንጌላዊው ላቡ አገጩ ላይ እየተንጠባጠበ ደጋግሞ ረገጠ። ሲያቆም ዳልኬ ፊቱን ጠረገና "ከእባቡ ይልቅ የነከሰኝ ሞተሩ ነው" አለ። ሰዉ በሙሉ ሳቀ፤ ሕመሙም ደንዝዞለት ነበር።

እኔ ወደ ሶዶ ብንወስደው አይሻልም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። መንገዱ ደርቋል፣ በሞተር ከሁለት ሰዓት በታች ነው። ወንጌላዊው አልተቆጣኝም። ሽቦውን መልሶ እየሰካ በዚያ ለስላሳ ድምፁ "ልጄ፣ እዚያ ከዚህ የበለጠ ምን ያደርጉለታል? መርዙ እኮ ሞቷል" አለኝ። ትንሽ ያብጣል፣ ነገ ይጎድላል ብሎ አጽናናን። ሽቦውን እንደሰካ አንዴ ሲረግጠው ሞተሩ ተነሳ። ተቀምጦበት ብቻውን ሄደ።

ሌሊቱን ልለፈው። ሲነጋ እግሩ እስከ ጭኑ አብጦ፣ ከማሰሪያው በታች ጠቁሮና ውኃ ቋጥሮ ነበር። ከድዱም ደም ይወጣ ጀመር። ወንጌላዊው ተጠርቶ መጣ፣ አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ለሦስት ሆነን በዚያው ሞተር ወጣን፤ እሱ ከፊት፣ ዳልኬ መሃል፣ እኔ ከኋላ ወንድሜን አቅፌ። ዳገቱን ስንወጣ ነፋሱ እየቀዘቀዘ መጣ፣ የዳልኬ ጀርባ ግን እንደ ምጣድ ይግል ነበር። ቦታው እንዲህ ቅርብ መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። ፀሐይ ገና ሳትበረታ ሶዶ ገባን።

ሐኪሙ መቼ ተነከሰ፣ ምን አደረጋችሁለት፣ መቼ ነው የታሰረው ብሎ ጠየቀ፤ ሁሉንም ነገርኩት። ሐኪሙም ዳልኬ እየሰማ "ትናንት ብታመጡት ኖሮ እግሩ ሊተርፍ ይችል ነበር" አለ። ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ወንጌላዊው ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኮ ይጸልይ ነበር። ጊፋታውን እኔና ዳልኬ ሆስፒታል ዋልን።

በኋላ ባዮሎጂ ተምሬ መምህር ስሆን የዚህን ነገር ሥር ፈልጌያለሁ። ሰው ኤሌክትሪክን መድኃኒት ለማድረግ የሞከረው ዛሬ አይደለም። የጥንት ሮማውያን ሐኪሞች ሪህ የያዘውን ሰው የሚነዝር ዓሣ ያስረግጡት ነበር። ቤሌ የምትባል ከተማ ሳስተምር ከኦሞ ወንዝ ዓሣ የሚያወጣ አንድ ሰው እንዲህ ያለ እጅ የሚያደነዝዝ ዓሣ እዚያም እንዳለ ነግሮኛል። ኋላ አውሮፓውያን ብርጭቆ እያሹ ብልጭታ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርተው ሽባውንም መስማት የተሳነውንም ይነዝሩ ጀመር። ቀጥሎ ባትሪ የተሰፋበት ቀበቶ መጣ፤ ለጀርባም ለጉበትም ለድካምም ያው አንዱ ቀበቶ። ከዚህ ሁሉ መሃል እውነት የሆነም አለ፤ ምቱ የተዛባ ልብ በኤሌክትሪክ ይስተካከላል፣ የእኔም ትከሻ ዛሬ ይሻለዋል። የእባቡ ነገር ግን ሌላ ነው። በሩቅ አገር ጫካ ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ ሐኪም የእባብ ንክሻን በኤሌክትሪክ ብልጭታ አዳንኩ ብሎ ጻፈ። ወሬው በሚሲዮናውያን አፍ ከአገር አገር ዞሮ እኛ ደጅ ድረስ መጣ። በኋላ ሌሎች ሲፈትሹት መርዙ በኤሌክትሪክ ምንም እንደማይሆን አረጋገጡ። ይሄኛው ወሬ ግን ዲምቱ አልደረሰም።

እንግዲያው እነዚያ የዳኑት ሰዎች እንዴት ዳኑ ብትሉኝ፣ ብዙ እባብ መርዝ የለውም። መርዛሙም ቢሆን አንዳንዴ መርዙን ሳይለቅ ነክሶ ይሄዳል። ወንጌላዊው ያዳናቸው በራሳቸው የሚድኑትን ነበር።

ዳልኬ በክራንች መሄድ እንደለመደ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ሊሰጥ ተነሳ። ለዕረፍት ወርጄ እዚያው ነበርኩ። ስለ እግሩ ያለቅሳል ብዬ ስጠብቅ፣ ጌታ በወንጌላዊ ዮናስ እጅ በኤሌክትሪክ ከሞት አተረፈኝ፣ እግሬን ወስዶ ነፍሴን ሰጠኝ አለ። ሰዉ ሃሌሉያ እያለ አለቀሰ። እኔ ተቀምጬ ተቃጠልኩ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ አቆምኩትና ሐኪሙ ያለውን አስታወስኩት፤ እግርህን ያስበላህ ያ የጠፋው ቀንና ያ ማሰሪያ ነው አልኩት። ዳልኬ ክራንቹን መሬት ተክሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

"እና እግሬ በከንቱ ነው የሄደው ልትይኝ ነው?"

"አዎ" አልኩት።

"እንግዲያው ሁለተኛ እንዳትነግሪኝ።"

ሁለተኛም ሦስተኛም ነገርኩት። አኮረፈኝ። እናቴም፣ ወንድምሽ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፣ ተይው ብላ ለመነችኝ። እሱ በየሄደበት ጉባኤ ምስክርነቱን ቀጠለ። ለእርሻ አይሆን፣ ለሩጫ አይሆን፤ ያ ታሪክ ብቻ ነበር ሰው ፊት የሚያስቆመው። ይህ አሁን ይገባኛል፤ ያን ጊዜም ጭራሽ አልገባኝም ማለት አልችልም።

በሚቀጥለው ዓመት የጎረቤታችን ልጅ ብዙነሽ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ እባብ ነከሳት። ቀጭን፣ ወሬኛ ልጅ ነበረች፤ ሶዶ ውስጥ ስንት ፎቅ እንዳለ እየጠየቀች የምታደክመኝ። አባቷ የዳልኬን ምስክርነት ደጋግሞ የሰማ ሰው ነው። ልጁን ተሸክሞ መኪና የሚያልፍበትን መንገድ ተሻገረና ወደ ወንጌላዊው ወሰዳት። ዳልኬም በክራንቹ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። "አትፍሪ፣ እኔ ድኜ የለ?" እያለ እጇን ይዞ አስነዘራት። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። ብዙነሽ በማግስቱ ሞተች። ወንጌላዊ ዮናስ ከዚያ በኋላ ያን ሽቦ ነቅሎ አያውቅም አሉ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ለምን እንደተወው ግን ለማንም አልተናገረም። ዳልኬ ምስክርነቱን አልተወም።

እኔና ዳልኬ ለብዙ ዓመታት ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም። እሱ መንገድ ዳር ሱቅ ከፈተ፣ አገባ፣ ወለደ። ባለፈው ክረምት የመጨረሻ ልጁ ምሕረት ጓሮ ቦይና የምንለውን ሥራ ሥር ስትቆፍር እባብ ነከሳት። ተደውሎልኝ ሆስፒታል ስደርስ መድኃኒቱ በክንዷ እየገባ ነበር። እግሯ አብጧል፤ ሐኪሙ ግን በጊዜ አምጥታችኋታል አለን። አብራ የመጣች ጎረቤት የሆነውን ነገረችኝ። ልጅቷ ስትጮህ ዳልኬ በክራንቹ አስፋልቱ መሃል ወጥቶ ቆሞ የመጀመሪያውን መኪና አስቁሟል። አንድ ወጣት የሞተሩን የካንዴላ ሽቦ ሊነቅል ሲጎነበስ በክራንቹ አባሮታል።

ኮሪደሩ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "ለምን አላስነዘርካትም?" አልኩት። ክፋት ነበረበት ጥያቄዬ።

"ልጄ ናት" አለኝ።

ያቺን ቃል ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ ማውጣት አልቻልኩም። እስከዚያ ቀን ድረስ የማያምነኝ መስሎኝ ነበር የተቀየምኩት። ለካ አምኖኛል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ከብዙነሽ በፊት ነው ቢለኝ ወንድሜ ብዬ ልጠራው የምችል አይመስለኝም። ምሕረት ድናለች፣ በሁለት እግሯ ትሮጣለች፤ ባየኋት ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ያመኛል።

ባለፈው እሑድ ዲምቱ ወርጄ አብሬያቸው አመለክሁ። ዳልኬ ስለ ልጁ መዳን ሊያመሰግን ተነሳ። ሐኪሞቹን አመሰገነ፣ ባለመኪናውን አመሰገነ። ይቀመጣል ብዬ ስጠብቅ ቀጠለና፣ እኔንም በወጣትነቴ በኤሌክትሪክ ያተረፈኝ ጌታ ብሎ ያንኑ የድሮውን ተናገረ። ከፊት ወንበር የብዙነሽ አባት፣ አሁን ሽማግሌ ሆኗል፣ እጁን አንስቶ "አሜን" አለ።