ትንሽ ወደ ዞብል

በቆቦ፣ በጎብዬና በሮቢት ለምትኖሩ፣ ሱሪያችሁን አሳጥረው፣ የልጆቻችሁን የትምህርት ቤት ልብስ ሰፍተው፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ቤታቸውን ከፍተው ቴሌቪዥን ላሳዩአችሁ ሁሉ፦ አያ ሰይድ ልብስ ሰፊው ሐሙስ ጠዋት አርፈዋል። ቀብራቸውም በዚያው ዕለት ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ተፈጽሟል። ርቃችሁ ሳትሰሙ የቆያችሁ ካላችሁ፣ እንዲህ በድንገት ስለነገርኳችሁ ይቅር በሉኝ። እሳቸው ቢሆኑ ቀስ አድርገው ይነግሯችሁ ነበር።

እኔ እዚህ ቆቦ የጎረቤታቸው ልጅ ነኝ። ግጥም እጽፋለሁ፤ መጻፍ ያስተማረኝ የለም፤ ሰው ሲናገር ጆሮ መስጠትን ግን እሳቸው ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ተምሬዋለሁ።

ሳምንቱን ሙሉ የስፌት መኪናቸው በረንዳው ላይ ስትንኳኳ ትውላለች። እሑድ ከሰዓት እሷ ትሸፈንና ጨርቅ በሚቆረጥበት ጠረጴዛ ላይ ጥቁርና ነጩ ቴሌቪዥን ይቀመጣል፤ ዳንቴሉ ይገለጣል። ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ፣ እናቶች በርጩማ ላይ፣ እኛ ልጆች ወለሉ ላይ በቁርጥራጭ ጨርቅ መሐል። በድራማው ክፉው ሰውዬ ብቅ ሲል እናቶች ስሙን እየጠሩ ይረግሙታል፤ አንዱ ሲስቅ ቤቱ በሙሉ ይስቃል። ዛሬ ሰው ሁሉ በየስልኩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ለብቻው ድራማ ሲያይ ስመለከት፣ የሚናፍቀኝ ድራማው ብቻ አይደለም፤ ከጎኔ ተጠግቶ የሚተነፍሰው ሰው ነው።

ያኔ ስርጭት ሲቋረጥ የይቅርታ ጽሑፍ ይመጣ ነበር። አያ ሰይድ ያንን ይቅርታ ለሥራቸው አዋሉት። ቀጠሮው አልፎበት ተቆጥቶ ለሚመጣ ደንበኛ ድምፃቸውን እንደ ዜና አንባቢ አወፍረው፣ «በቴክኒክ ችግር ምክንያት ለተቋረጠው ሱሪ ይቅርታ እንጠይቃለን» ይሉታል። እየፎከረ የመጣው እየሳቀ ይመለሳል።

አንቴናው በረጅም ባሕር ዛፍ ጫፍ ታስሮ ከጣሪያው ጋር ተያይዟል። ምስሉ ሲበላሽና ያ ነጭ ነጠብጣብ ሲንጫጫ «ጤፍ ዘራ» እንላለን። ያን ጊዜ አያ ሰይድ በሚያነክሰው እግራቸው መሰላሉን ይወጡና እንጨቱን ያዞራሉ።

«መጣ ወይ?» ይላሉ ከላይ።

«ወደ ላስታ!» ይላል አንዱ ከታች።

«ኧረ አለፈ! ትንሽ ወደ ዞብል!»

«መጣ! መጣ! እዚያው! እንዳይነኩት!»

ግራና ቀኝ የሚል ሰው አልነበረም። በአንድ በኩል የላስታ ተራራ፣ በሌላው የዞብል ተራራ ቆሞ እያለ ግራና ቀኝ ምን ያደርጋል?

ከተመልካቾቹ አንዷ እማ ዋጋዬ ነበሩ። የአንድ ልጅ እናት ናቸው። ልጃቸው ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር በዞብል በኩል ወደ አፋር በረሃ ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ሊገባ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወሬውን የሰማ የለም። በዚያ ዘመን እሑድ በሚታየው ድራማ ውስጥ ደግሞ ደረሰ የሚባል፣ እናቱን ጥሎ ወጥቶ ከተማ የጠፋ ወጣት ነበር። እማ ዋጋዬ ደረሰ ሲመጣ ከበርጩማቸው ይነሣሉ። «ከሳ! አላያችሁም ከሳ!» ይላሉ። ልጃቸውን እንደሚያዩ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አልነበረም።

አንድ እሑድ ደረሰ ሞተ። እማ ዋጋዬ ያን ቀን ሮቢት ለቅሶ ሄደው ስለነበር አላዩም። ድራማው ግን በሳምንቱ መካከል ይደገማል። የሚደገም ዕለት አመሻሽ ላይ እማ ዋጋዬ በርጩማቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ደረሰ የሚሞትበት ቦታ ሲቃረብ አያ ሰይድ ብድግ ብለው፣ ጥርት ብሎ የሚታየውን ምስል «ይኼ ነገር ሊበላሽ ነው» አሉና ጣሪያ ወጡ። እንጨቱን ወደ ዞብል አዞሩት፤ ጤፍ ዘራ። ገና አዞሩት፤ ጭራሽ ጠፋ። «መጣ ወይ?» ሲሉ፣ እኛም «አልመጣም! አሁንም ወደ ዞብል!» እያልን ድራማው አለቀ።

ከመሰላሉ ወርደው ላባቸውን ጠረጉና፣ «እማ ዋጋዬ፣ እኔ እሑድ አይቼዋለሁ። ደረሰ እናቱ ቤት ደረሰ» አሏቸው።

«ደረሰ?»

«ደረሰ ደረሰ።»

ወደ እኛ ወደ ልጆቹ ዞር ብለው ደግሞ በጆሯችን፣ «ሞተ የሚል ምላስ እዚህ ቤት እሑድን አያይም» አሉን።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ጥያቄ መጣ። «ደረሰ የት አለ፣ ለምን አይታይም?» «እርሻ ላይ ነዋ! ካሜራ ይዞ ማን ማሽላ ማሳ ውስጥ ይከተለዋል?» ደረሰ በሬ ገዛ። ደረሰ አገባ። ድራማው አለቀ፣ ቴሌቪዥኑም ተቃጠለ፣ እኛም ጢም አበቀልን፤ እማ ዋጋዬ ግን ነጠላቸውን ለማስጠቀም በረንዳው ላይ በቆሙ ቁጥር ስለ ደረሰ ይጠይቃሉ፣ አያ ሰይድም መርፌ ጥርሳቸው መሐል ይዘው ይመልሳሉ። «ወደ ዞብል ማዞር» በሰፈራችን ቃል ሆኖ ቀረ። ክፉ ወሬ ከሚወዱት ሰው ላይ ማዘግየት ማለት ነው።

ያንኑ በእኔም ላይ አደረጉት። ጎብዬ ሥራ ይዤ ከሄድኩ ወዲህ በየጊዜው እደውልላቸዋለሁ። መጨረሻ የደወልኩ ዕለት ድምፃቸው ሰልሎ ነበር።

«አያ ሰይድ፣ አሞዎታል እንዴ?»

«በቴክኒክ ችግር ምክንያት ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን» አሉኝ።

ስቄ ስልኩን ዘጋሁ። ሕመማቸው እንደጠና ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል። «ለሱ እንዳትነግሩት፤ ሥራውን ጥሎ ይመጣል» ብለው አስጠንቅቀው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ከጎብዬ ሚኒባስ ይዤ ስደርስ፣ የእድሩ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆመው ይነጋገራሉ። ለእማ ዋጋዬ ማን ይንገር? ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ መርዶውን የሚችሉት አልመሰለንም። አንደኛው፣ «ለሕክምና ደሴ ሄደ እንበላት። ለጊዜው ወደ ዞብል እናዙራት» አሉ። ገና ሳይስማሙ እማ ዋጋዬ ምርኩዛቸውን ይዘው ከጀርባችን ቆመዋል።

«ዛሬስ አታዙሩብኝ» አሉ። «እኔ እንደሆን ያን ጊዜም አልዞርኩላችሁም። የደረሰን መሞት ሮቢት ለቅሶ ቤት ሰማሁት። ሴቶቹ ከሟቹ ይልቅ ለሱ ያለቅሱ ነበር። እዚህ ስመጣ ሰይድ በዚያ እግሩ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሏል። ለእኔ ብሎ የወጣን ሰው ምን ብዬ ላሳፍረው?»

ምርኩዛቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ቀጠሉ።

«እሱ የደረሰን ሲያወራ እኔ የምሰማው የልጄን ነበር። የእኔም በዚያው በዞብል በኩል ነው የወጣው። ሰይድ በየሳምንቱ አበላልኝ፣ አለበሰልኝ፣ ዳረልኝ። እንግዲህ የልጄን ወሬ ማን ይነግረኛል? ዛሬ ሁለት ሰው ነው የሞተብኝ።»

እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ከወጣ ጀምሮ ተቀምጦ የነበረው ለቅሶ ያን ዕለት ወጣ።

መቃብሩ ውስጥ አያ ሰይድን በቀኝ ጎናቸው ሲያስተኟቸው፣ የወረደው ሰው ቀና ብሎ ፊታቸው ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ በትክክል ዞሮ እንደሆነ ጠየቀ። ከላይ አንድ ሽማግሌ ሳያስቡት፣ «ትንሽ ወደ ዞብል» አሉ። የዚያ ወለል ልጆች ተያየን። ጎልማሳው ሁሉ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አያ ሰይድ፣ ከቀብርዎ በኋላ በመጣው እሑድ እማ ዋጋዬን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። በርጩማቸውን አቀረቡልኝና፣ «ደረሰስ?» አሉኝ። ቃል አለኝ ባይ ነኝ፤ አንድ ቃል አጣሁ። እንደ ምንም ብዬ፣ «ዝናቡ ዘግይቶበት ነበር፤ አሁን ዘርቷል» አልኳቸው። እጄን ይዘው፣ «እንደ ሰይድ አታውቅበትም» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ምን ዘራ?» አሉኝ።

አንቴናዎ የታሰረበት እንጨት ዛሬም ቆሟል። ከዚያ ከፍ ካለው ቦታ ሆነው «መጣ ወይ?» ቢሉን፣ እውነቱ ከእንባችን የተነሣ የሚታየን ጤፍ ብቻ ነው። እርስዎ ግን ለሚወዱት ሰው እንዴት እንደሚመለስ አስተምረውናል። ስለዚህ መጥቷል፣ አያ ሰይድ። ጥርት ብሏል። እንጨቱን ይልቀቁትና ይረፉ።