የልምምድ ልቅሶ

ወረታ ውስጥ የዳንስ ቴአትር ቡድን አለኝ ስል በቀላሉ የሚያምነኝ ሰው የለም። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ይስቃሉ። ወረታ ያሉት ደግሞ «ጭፈራውስ ይሁን፣ ቴአትሩ ምን ሊሆን ነው?» ይላሉ። ቡድን ማለቴም ለወጉ ነው እንጂ ከእኔ ጋር አምስት ብቻ ነበርን። ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ባለ ቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ከሰዓት በኋላ እየተገናኘን እንለማመዳለን። ዙሪያችንን የሩዝ መፈልፈያ ነው። ሞተሮቹ ከጧት እስከ ማታ ስለሚያጓሩ ለመደማመጥ መጮህ ነበረብን። ውሎ አድሮ ጩኸቱ አመል ሆኖብን ሻይ ቤት ገብተንም እንጮሃለን።

እዚህ አገር የመጣሁት ባለቤቴን ተከትዬ ነው። መምህር ነበር። ተመድቦ መጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፣ እኔ ቀረሁ። ለምን እንደቀረሁ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ሥራ ይዞኝ ነው» እላለሁ። እውነቱ ግን እልኸኛ መሆኔ ነው። «እንሂድ» ሳይሆን «ልሄድ ነው» ስላለኝ ቀረሁ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ መንገድ የሚዘጋ ቀን ደግሞ ዝምታው ከአውቶቡሱ ይብሳል። ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ከማንም ጋር ቃል የማልለዋወጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰኞ አዳራሹን ከፍቼ ሰላምታ ስሰጥ ድምፄ ሻክሮ ይወጣል።

እነዚያን አራት ሰዎች ከያሉበት የለቀምኳቸው እኔ ነኝ። አንዱ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ነው። ሠርግ ላይ ትከሻውን አይቼ ለመንኩት። «ያለ ጠላ ትከሻዬ አይታዘዘኝም» እያለ መጣና ያለ ጠላም ታዘዘው። ጭቃ ውስጥ ሩዝ ሲያርም የኖረ እግር ስለሆነ ከወለሉ ላይ ሲያነሳው ተረከዙን ቀድሞ ነቅሎ ነው። ሌላው የቆሎ ተማሪ የነበረ፣ የቤተ ክርስቲያን አቋቋም የተማረ ጎልማሳ ነው። አሁን ሞባይል ይጠግናል። እንዲቸኩል ማድረግ አይቻልም፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ በሽብሸባ የሚወጣ ይመስለኛል። ሦስተኛዋ የአንድ ሙስሊም ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። አባቷ የፈቀዱላት ሰውነቷን ሸፍና እንድትሠራና ከመግሪብ ሶላት በፊት ቤት እንድትገባ ነው። ሴቶች ለመንዙማ ሲሰበሰቡ ተቀምጣ መወዛወዝ የለመደች ስለሆነች ቆማም ወገቧ የተቀመጠ ሰው ወገብ ነው። አንድ ቀን እሷንና የቆሎ ተማሪውን ጎን ለጎን ሳቆማቸው ውዝዋዜያቸው ቁርጥ አንድ ሆነ። ሁለቱም ደነገጡ። ከዚያ ወዲህ ጎን ለጎን መቆም አይወዱም።

አራተኛዋ አልቃሽ ናቸው። ሁላችንም እማዋይ እንላቸዋለን። እሳቸውም የቁሐር ሚካኤል ሰው ናቸው፤ የገበሬው ጎረቤት። ከወረታ እስከ ሐሙሲት ትልቅ ልቅሶ ካለ ሙሾ የሚያወርዱት እማዋይ ናቸው። ድምፃቸው ሲነሳ ለወጉ የመጣ ሰው እንኳ ሳያስበው ያለቅሳል። የገዛ ልጃቸው ግን አልተለቀሰለትም። አንድ ለእናቱ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ፣ ከዚያ ድንበሩን ተሻገረ ተባለ፣ ከዚያ በወዲያኛው አገር ጦርነት ተነሳ። ስልኩ ከተዘጋ ብዙ ክረምት አለፈ። አየሁት የሚልም፣ ቀበርኩት የሚልም ሰው አልመጣም። ወሬውን ሊያነሳባቸው የሚሞክር ሰው ሲኖር እማዋይ ነጠላቸውን አራግፈው ይነሳሉ።

ትርኢታችን የፎገራን ጎርፍና ጥሎ የሚሄደውን ሰው የሚመለከት ነበር። መኻሉ ላይ ልቅሶ ያስፈልገኛል ብዬ ለእማዋይ ነገርኳቸው። ማንም ላልሞተበት አላወርድም አሉ። በሐሰት ለሰው ማልቀስ ሟርት ነው፤ የተጠራው ሞት መንገድ አይጠፋውም አሉኝ። በክርክር ማንንም የማሸንፍ ይመስለኝ ነበር፤ እሳቸው ዘንድ አልሠራም። በመጨረሻ ገበሬው አስታረቀን። አንድ ዓመት የርብ ወንዝ ሞልቶ የወሰደበት ቀንዳም በሬ ነበረው። ለእሱ ለምን አያለቅሱም አለ። እማዋይ አሰቡበትና ለበሬ ከሆነ ይሁን አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየልምምዱ ለበሬ እናለቅሳለን። እሳቸው ያወርዳሉ፣ እኛ እንቀበላለን።

ጎርፉስ ከመጣበት ተመልሶ ሄደ፣
የኔው ቀንዳም በሬ የት ሜዳ ወረደ።

ነገሩ የተበላሸው መብራት የጠፋ ቀን ነው። የገበያ ቀን ነበር። መፈልፈያዎቹ በአንድ ጊዜ ዝም ሲሉ እኛ ልማዳችን ሆኖ ድምፃችንን አልቀነስንም። ሙቀቱ ስላስቸገረን በሩን ከፍተነዋል። እማዋይ ደረታቸውን እየመቱ ያወርዳሉ፤ ገበሬው ይዘላል፤ ቆርቆሮው ድምፁን ተቀብሎ ወደ ገበያው ይመልሰዋል። ስንኙ ከሩቅ አይለይም። የሚለየው ዜማውና የማን ድምፅ እንደሆነ ብቻ ነው፤ የእማዋይን ድምፅ ደግሞ የማያውቅ የለም።

መጀመሪያ የገቡት ነጠላቸውን ለሐዘን የዘቀዘቁ ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ መቀነቷን ወገቧ ላይ አጥብቃ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያለች ወለሉ ላይ ወደቀች። ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ከኋላቸው የቁሐር ሚካኤል ሰዎች ጎረፉ፤ የወረታም ባለ ሱቆች ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ገበያ ያመጡትን ዶሮ እንደታቀፉ የሚያለቅሱ ነበሩ። አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ወለሉን መትተው እኔ ላይ ጮኹ።

«መርዶ እንዲህ ነው የሚነገር? በጠራራ ፀሐይ፣ አጠገቧ አንድ ዘመድ ሳይኖር? አገር የለሽም እንዴ አንች?»

በዚህ አገር መርዶ ወገን ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ቤት ድረስ ተሂዶ ነው የሚነገረው። እኔ ደግሞ የልጃቸውን ሞት ሰምቼ፣ ወግ የማላውቅ ሆኜ፣ በጭፈራ መኻል ያረዳኋቸው መስሏቸዋል። ልመልስ ብል ማን ይሰማኛል? በበሩ በኩል ሳይ የዕድሩ ድንኳን በጋሪ ተጭኖ ደርሷል።

እማዋይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንዳደረጉ ቆመው ቀሩ። ከዚያ የወደቀችውን ሴት አነሷት። የእህታቸው ልጅ ናት።

«ለበሬ ነው» አሉ። «ጎርፍ ለወሰደው በሬ ነው የማለቅሰው።»

በሌላ ቀን ቢሆን ዓመት ሙሉ የሚያስቅ ነገር ነው። ማንም አልሳቀም። እማዋይ ሰዉን አንድ በአንድ አዩት፤ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ፤ ጋሪውንም አዩ።

«እናንተስ ለማን ነው የመጣችሁ?» አሉ።

 ሽማግሌው ዱላቸውን ማየት ጀመሩ። እኔ እንኳ ከተማውን ገና የማላውቅ ሰው ምን እንደተፈጠረ ገባኝ። ያ ሁሉ ሰው ለማን እንደሆነ አልጠየቀም። ስንት ክረምት ሙሉ ነጠላውን ለመዘቅዘቅ ሲጠብቅ ነው የኖረው። ልጁ ይመጣል ብለው የሚጠብቁት እማዋይ ብቻ ነበሩ፤ ይህንንም ያወቁት ያን ዕለት ነው። ነጠላቸውን አራግፈው በመኻላችን አልፈው ሄዱ።

ሰዉም ተበተነ፤ ጋሪውም ዞረ። መብራቱ መጥቶ ሞተሮቹ ማጓራት ሲጀምሩ አዳራሹ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ስለ እማዋይ ማዘን ሲገባኝ እኔ ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው። እዚህ ከተማ እኔ ብጮህ ማን ይመጣል? የቤት አከራዬ ይመጡ ይሆናል፤ እሳቸውም ጆሯቸው አይሰማም።

እማዋይ ከዚያ በኋላ ልምምድ አልመጡም። ገበሬው ስለሳቸው ስጠይቀው «አሉ» ብቻ ይለኛል። እየተሰበሰብን ትንሽ ተወዛውዘን እንለያያለን። የነጋዴው ልጅ ለእናቷ ትቸኩላለች፤ የቆሎ ተማሪው ለደንበኞቹ፤ ገበሬው ለከብቶቹ። እኔ ወለሉ የጠራ ቢሆንም ደግሜ እጠርጋለሁ።

ጥቅምት ላይ እማዋይ በገበሬው በኩል ላኩብኝ። ቁሐር ሚካኤል የተኛው ውኃ ሸሽቶ ሩዙ ቢጫ ሆኗል። ባጃጁ ጭቃውን ፈርቶ መንገድ ላይ ስለተወኝ ጫማዬን በእጄ ይዤ በእርሻው ድንበር ላይ ሄድኩ። እማዋይ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሩዝ ይለቅማሉ። ጠቁረዋል። ዘመድ አላስቀምጥ እንዳላቸው ነገሩኝ። ያኔ የተጀመረውን እንባ መመለስ አይቻልም፤ ልቅሶው ይውጣ፤ እኛም እንረፍ ብለው ቆርጠዋል። ከሐሙሲት ሌላ አልቃሽ ሊያመጡ ነው።

«ያልቅሱ» አሉኝ። «ያልቅሱና ይረፉ። ግን ያች ሴት ስሙን ትጠራብኛለች። ሞተ ትለዋለች። እናንተ የበሬውን ታውቁት የለም? እሱን አውርዱላቸው።»

በእውነተኛ ልቅሶ ላይ ቆሜ አላውቅም፤ አነጋገሬ የከተማ ነው፤ ሰዉም ይቆጣል ብዬ ተከራከርኩ። ሐዘንተኛዋ እኔ እስከሆንኩ የሚቆጣ ካለ እኔን ይቆጣ አሉኝ።

«ከእኔ አይዶለም የተማርሽው?» ብለው ወደ ሩዛቸው ተመለሱ።

በልቅሶው ቀን አራታችንም ሄድን። የቆሎ ተማሪው የቀድሞ መምህሩን መሪጌታ ከሩቅ አይቶ ገበሬው ጀርባ ተደበቀ፤ ይህ ግን ዘለቄታ አልነበረውም፣ ገበሬው ይዘል ስለነበረ። የነጋዴው ልጅ ከእናቷ ጋር ስኳር ይዛ መጣች። እነሱ ቤት ለሞተ ሰው ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ አይወደድም፤ ስለዚህ እናቷ ሴቶቹ መኻል ዝም ብለው ተቀመጡ፣ እሷ ግን አጠገቤ ቆመች። ድንኳኑ ፊት ሰዉ ክብ ሠራ። የበሬውን ሙሾ አወረድኩ። ሦስቱ ተቀበሉኝ። በመጀመሪያ ሰዎች ተያዩ፤ «ምንድን ነው የበሬ?» የሚል ሹክሹክታም ሰማሁ። ነገር ግን ከእማዋይ ዜማ ሊያመልጥ የቻለ የለም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሽማግሌዎቹም አለቀሱ። ሁሉም ጎርፍ የወሰደበት አለው፤ ሁሉም የወረደበት አለው።

አስከሬን በሌለበት ልቅሶ የሟቹ ልብስ ወጥቶ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ክቡን ይዞራል። የልጁ አክስት ይህን ልታደርግ ወደ ቤት ገባች። ቆየች። ሙሾውን አቁመን ጠበቅናት። በሩ ክፍት ስለነበር ከክቡ ሆነን እማዋይ የእንጨት ሣጥኑ ላይ ተቀምጠው ይታዩናል። አክስትየዋ እጃቸውን ይዛ ለማስነሳት ትታገላለች። እማዋይ አልጮኹም።

«ልብሱን አላወጣም» አሉ። «አጥቤ ነው ያስቀመጥሁት። ሲመጣ ምን ሊለብስ ነው?»

አክስትየዋ ባዶ እጇን ወጣች። ሰዉ ምን እንደሚያደርግ ቸገረው። ሽማግሌው «ተዉአት» አሉና ለእኔ እንድቀጥል በዱላቸው ምልክት ሰጡኝ። ድምፄን አነሳሁ። ጎርፉስ የሚለው ላይ ስደርስ ባለቤቴ ትቶት የሄደው ኮት ትዝ አለኝ። በወሩ ለቤት አከራዬ ልጅ ሰጥቼዋለሁ። ከዚያ በዓለም ላይ የእኔን አንዲት ቀሚስ አጥቦ የሚያስቀምጥልኝን ሰው በልቤ ፈለግሁ፤ ያን ያህል ሰው መኻል ቆሜ ፈልጌ አጣሁ። ስንኙ አልወጣልኝም። መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ እንባዬም መጣ። የነጋዴው ልጅ ስንኙን ተቀብላ ቀጠለችው። የእማዋይ እህት ልጅ፣ ያን ቀን አዳራሹ ወለል ላይ የወደቀችው፣ ሮጣ መጥታ ከኋላዬ አቀፈችኝ። ለወንድሟ የማለቅስ መስሏታል። «አይዞሽ እህቴ» ትለኛለች። ሌሎችም መጥተው በየክንዴ ያዙኝ። እንዳይለቁኝ ብዬ አላረምኳቸውም።