ግሪሳውና የአማቴ ማሽላ

ከጭሮ ወጣ ብሎ ካለ ጋራ ጫፍ ሆኜ፣ ከገደሉ ማዶ ማሽላ ላይ ያረፈች ወፍ አፏ ውስጥ ከያዘችው ፍሬ ጋር ፎቶ አንስቻለሁ። አንዷን ፍሬ! ፍሬዋ ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። ማንም እንደማያምነኝ አውቃለሁ። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ "ሰውዬው፣ የዛሬው ጫት ከየት ነው የመጣው?" ነበር የምለው።

እውነት ነው ግን። ችግሩ ፍሬዋ የአማቴ መሆኗ ነው።

ሥራዬ ቴሌቪዥንና ሞባይል መጠገን ነው። ያስተማረኝ የለም፤ እየፈታሁ፣ የሰው ዕቃ እያበላሸሁ ነው የተማርኩት። ወፍ ማንሳቱም እንደዚያው ነው። አዲስ አበባ ለሱቄ ዕቃ ልገዛ ሄጄ አንድ ያገለገለ ባለ አንድ ዓይን የሩቅ መነጽር አገኘሁ፤ ያ ወፍ የሚያዩ ፈረንጆች በሦስት እግር የሚያቆሙት ረጅሙ። ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ቤት ነበረኝ። ሁለቱን የሚያገናኘውን ነገር ከውሃ ቱቦ ቁራጭ ቆርጬ፣ በባጃጅ ጎማ ካላማዳሪ ጠቅልዬ ራሴ ሠራሁት። የካሜራው ዓይን ከመነጽሩ ዓይን ትንሽ ከተዛነፈ የፎቶው ዳር ይጠቁራል። እጅ ከነካው ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ቁልፉን ተጭነህ እጅህን ታነሳለህ፣ ትንፋሽህን ትውጣለህ፣ እሱ ራሱ ትንሽ ቆይቶ ያነሳል። ከረፋድ በኋላ ደግሞ ሙቀቱ አየሩን ያርገበግበዋል፤ ሩቅ ያለ ንስር ውሃ ውስጥ የተዘፈቀ ይመስላል። ይህን ሁሉ ማንም ሳይነግረኝ ደረስኩበት። ሠፈሩ "አባ ሲምቢራ" ይለኛል፤ የወፍ ባለቤት ማለት ነው። ሊሰድቡኝ ነው መሰለኝ፤ እኔ ግን እንደ ሹመት ወስጄዋለሁ።

መነጽሩ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ሩቁን ያቀርባል እንጂ አካባቢውን አያሳይም። የምታየው በአንዲት ክብ ቀዳዳ ነው። ወፏን ታያለህ፤ የማን አጥር ላይ እንዳለች አታይም።

ባለፈው፣ ማሽላው ፍሬ ይዞ ሊደርስ ሲል፣ ወደ መሰላ በሚወስደው መንገድ ትንሽ ሄጄ ከዚያ በፊት ወጥቼበት የማላውቀው ጋራ ላይ ወጣሁ። ያን ቀን ከተማ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ቀብር ስለነበር የዙሪያው ገበሬ በሙሉ ወርዷል። ጋራው ጭር ብሏል። ደስ አለኝ፤ ከብት የለ፣ ሰው የለ፣ "ምንድን ነው የምታየው? እስቲ እኔም ልይ" የሚል የለ።

መነጽሩን ገና ከማቆሜ ግሪሳው መጣ። ግሪሳ ያላየ ሰው ወፍ አየሁ አይበል። አንድ ትልቅ ሻርፕ ሰማይ ላይ ወርውረህ ሲጣጠፍ፣ ሲዘረጋ፣ ሲጣጠፍ የምታይ ይመስልሃል። ከዚያ ከማዶ አንድ ማሳ ላይ ወረደ። ማሽላው ራሱ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ።

በእኛ አገር ግሪሳ ያየ ሰው ይጮኻል። የራሱ እርሻ ይሁን የሌላ፣ ከባለቤቱ ጋር ቢጣላም ባይጣላም ይጮኻል። ከጋራው አንዱ ሲጮህ ታች ያለው ይቀበለዋል፤ የእሱን ደግሞ ማዶ ያለው ይቀበለዋል፤ ከስልክ ቀድሞ ባለቤቱ ጆሮ ይገባል። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔም አውቃለሁ።

አልጮህኩም። ብጮህ ይነሳሉ፤ ከተነሱ ፎቶ የለም።

ትንፋሼን እየዋጥኩ አነሳሁ። አንዷ ስትፈለፍል አነሳሁ፣ ሁለት ወፎች በአንድ የማሽላ ራስ ሲጣሉ አነሳሁ፣ ያችን ፍሬዋን የያዘችውን አነሳሁ። ሙቀቱ አየሩን ማርገብገብ እስኪጀምር ድረስ እዚያው ነበርኩ። ስወርድ እያፏጨሁ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ በርጫ ነበር፤ ተሰብስበን ጫት እንቅማለን። አንዱ ጓደኛዬ ጫት ነጋዴ ነው፣ አንዱ ባጃጅ ነጂ። ካሜራውን ከቴሌቪዥኑ ጋር አያያዝኩና መሐል ቆምኩ። አማቴም ከቀብር መልስ ልጃቸውን ሊያዩ ጎራ ብለው፣ በር አጠገብ ከሚስቴ ጋር ተቀምጠው ነበር። አማቴ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት ከዚያች ከማሽላቸው ነው። ሌላ የላቸውም።

"ጀመረው!" አለ ጫት ነጋዴው። "ዛሬ ደግሞ ወፏ ስታወራ ቀዳኋት ይለናል።"

"አፍህን ዘግተህ ዓይንህን ክፈት" አልኩና ያችን ፎቶ አመጣሁ።

ባጃጅ ነጂው ከትራሱ ላይ ተነሳ። "ወላሂ ፍሬ ናት! ከነስንጥቋ! ይሄ ሰውዬ ጂኒ አለበት።"

"ጂኒ አይደለም፣ ቱቦ ነው" አልኩት። ተሳቀ። እኔም የሚቀጥለውን፣ የሚቀጥለውን አሳየሁ።

"አንዴ ወደዚያች ወደ ፍሬዋ መልሰው፣ ልጄ" አሉ አማቴ።

ደስ አለኝ። አማቴ ፎቶዬን አይተው አያውቁም፤ እኔ ባለሁበት ቀና ብለው የሚያዩም አይደሉም፤ የአማች ክብር ያውቃሉ። መለስኩላቸው።

"ያ ዳር ላይ ያለው ሰማያዊ ነገር ምንድን ነው?"

"የሆነ ሰው ማማ ነው፣ እማማ። ወፍ የሚጠበቅበት። ጣሪያው ሸራ ነው።"

ባጃጅ ነጂው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። "የኔ አሮጌ ሸራ አይደለም እንዴ ይሄ? ያ ለአማትህ ብለህ የወሰድከው?"

እንደቀለደ ተመለከተኝ። ከዚያ በሩ አጠገብ ማን እንደተቀመጠ ትዝ አለው፤ ጫቱ ጉንጩ ውስጥ ቀረ። ሸራውን ማማው ላይ ያሰርኩት በእነዚህ እጆቼ ነው። ግን የእሳቸው ማሳ ዘንድ የምሄደው በመንገዱ በኩል ነው፤ ከጋራው፣ በጀርባው፣ በዚያች ክብ ቀዳዳ አይቼው አላውቅም።

"ዛሬ ነው ያነሳኸው?" አሉ አማቴ።

"ዛሬ ጠዋት።"

"ብዙ ቆዩ?"

"እስከ ረፋድ።"

ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ። "ጥሩ ፎቶ ነው" አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው "ለምን አልጮህክም?" አሉኝ።

"እማማ፣ ወላሂ የእርስዎ መሆኑን አላወቅኩም።"

"የሌላ ሰው ቢሆንስ፣ ልጄ?"

ዳኛ ፊት ቆሜ ዳኛውን አስቄያለሁ። ያን ቀን ግን ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞርኩ። ሚስቴ ምንጣፉን ታያለች። ቴሌቪዥኑ ላይ ወፏ ፍሬዋን እንደያዘች ናት፤ ማጥፊያውን ፈልጌ እጄ አላገኘውም። ያን ጠዋት እዚያ አገር ሁሉ ማሳውን የሚያይ አንድ ዓይን ብቻ ነበር፤ የእኔ። ያውም በመነጽር።

አማቴ ተነሱ። "ወፎቹ ወደ ማታ ይመለሳሉ፤ ልሂድ።"

በርጫ ተጀምሮ በመሐል ሲበተን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለቱም ጓደኞቼ ጫታቸውን ምንጣፍ ላይ ትተው ወጡ። በባጃጁ እየተናጥን ደረስን፤ ከግማሽ የሚበልጠው የማሽላ ራስ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ቀርቷል። ግሪሳውም ቀድሞን ገብቷል። ጫት ነጋዴው ጀሪካን ይደበድባል፣ ባጃጅ ነጂው ጥሩንባውን ይነፋል፣ እኔ ማማው ላይ ወጥቼ ጮህኩ። ወንጭፍ አንስቼ የራሴን ጉልበት መታሁ። ማንም አልሳቀም፤ ይሄ ከሁሉ የከፋው ነበር።

ከዚያ ቀን እስከ አጨዳው ድረስ ጎህ ሲቀድ ማማው ላይ ነበርኩ። ድምፄ ተዘጋ። ሱቅ ደንበኛ ሲመጣ በእጄ ነው የማናግረው፤ "አልሃምዱሊላህ፣ ከተማው ዐረፈ" አሉ። መንደሩ ጉዛ ወጥቶ፣ በጋራ ተረባርቦ፣ የተረፈውን ከነእርጥበቱ አጨደላቸው። ዓመት የሚያደርስ አይደለም። "የጎደለውን እኛ እንሞላለን" ስላቸው "አላህ ይሞላዋል" አሉኝ። ሚስቴ ግን ማንንም ሳትጠይቅ አንድ ጆንያ እህል ለእናቷ ባጃጁ ላይ ጫነች።

ፎቶዋን አላጠፋኋትም። እስከ ዛሬ ካነሳኋቸው ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት፤ አንዳንዴ ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ስሆን አያታለሁ፣ አሁንም ታምረኛለች። የሚያሳፍረኝ ከምንም በላይ ይሄ ነው።

ውሸት ነው የሚል ካለ ሄዶ ይጠይቅ። አማቴን ስትጠይቁ ግን ተጠንቀቁ። "ያን ቀን አማቼ ሱቁ ውስጥ ነበር፤ ወፎቹን ማንም አላያቸውም" ይሏችኋል። መንደሩንም እንደዚያ ብለውታል፤ ስሜ እንዳይነሳ። ሶላታቸው የማይዛነፍ፣ ውሸት የማያውቁ ሴት ለእኔ ሲሉ ይዋሻሉ። እንዳታምኗቸው! ባጃጅ ነጂውን ጠይቁት፣ ጫት ነጋዴውን ጠይቁት፣ ሚስቴን ጠይቋት። ጋራው ላይ ነበርኩ። አይቻለሁ። ሂዱና ጠይቁ።