የወንድሜ በቃኝ

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ሳነሳው የገዛ ድምፄ፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ የነበረኝ ያ ቀጭን ድምፅ፣ «በቃኝ» አለኝ። ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ነገሩ የታናሽ ወንድሜ ነው። ያኔ ከሚሴ፣ ወንድሜ ሰባት ዓመት ሞልቶት አንድም ቃል አይወጣውም ነበር። ሲጠግብ ሳህኑን ይወረውራል። በዚህ የተነሳ እናቴ እሱን ይዛ ሰው ቤት መሄድ ከተወች ቆይታ ነበር፤ ዒድን እንኳ በሯን ዘግታ ነበር የምታሳልፈው። አንድ ቀን የሚማርበት የልዩ ፍላጎት ክፍል አስተማሪ ታብሌት ይዘው መጡ። ሥዕሉን ሲነኩት ይናገራል። ችግሩ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። «አንቺ በአማርኛ ቅጂለት» አሉኝ።

ሬዲዮ ጣቢያ የተቀጠርኩ መሰለኝ። ብርድ ልብስ ተከናንቤ ቀዳሁ። ቤታችን ግን መንገድ ዳር ነውና «ውሃ» ስል ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ። «ሽንት ቤት» ላይ ሳቄ አመለጠኝ። «በቃኝ» ከማለቴ እናቴ ከጓሮ «አንቺ ልጅ፣ ነይ እንጂ!» ብላ ተጣራች። ደግሜ ልቅዳ አልኩና ሰነፍኩ። ስለዚህ ወንድሜ በጠማው ቁጥር ባጃጅ ይመጣል፣ ሽንቱ ሲመጣ ይስቃል፣ ሲጠግብ እናቴን ያስጮሃታል።

የዚያን ዓመት ዒድ እናቴ ደፍራ ይዛው ወጣችና ጎረቤታችን ሐጂያ ቤት ሄድን። ሩዝ በሥጋ ቀረበ። ወንድሜ በላ፣ በላና ሥዕሉን ነካ። «በቃኝ! አንቺ ልጅ፣ ነይ እንጂ!»

«ማሻአላህ! ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» አሉ ሐጂያ። እኛ ዘንድ እንግዳ በቃኝ የሚለው ለወጉ ነው፤ በአንዴ ያመነ ጋባዥ ንፉግ ይባላል። ስለዚህ በኦሮምኛም በአማርኛም እየለመኑ ጨመሩለት። «ኛዹ፣ ኢልመ ኮ! ብላ ልጄ፣ በሞቴ!» ወንድሜ ነካ። ጨመሩ። ነካ። ይሄን የመሰለ ጨዋ ልጅ ለማጉረስ እንግዶቹ ሁሉ ተራ ያዙ። ጨንቆት «ሽንት ቤት»ን ሲነካ የኔ ሳቅ ወጣ፤ ቤቱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ እጁ ወደ ሳህኑ ሲሄድ አየሁ።

እናቴ ቀደመችው። ሳህኑን በመዳፏ ከደነችና፣ «ሐጂያ፣ አውፍ በሉኝ። ልጄ በቃኝ ካለ በቅቶታል» አለች።

ሐጂያ ቤት እንዲህ የደፈረ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ጭልፋቸውን እንዳነሱ ታብሌቱን አዩ፣ ልጁን አዩ። «ከልቡ ነው እንዴ?» አሉና ጭልፋውን አስቀመጡት። ወንድሜ ሳህኑን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው፤ አልወረወረም። እናቴ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ወዲያ ሳንዘይረው የቀረ ጎረቤት የለም።

አሁን ወንድሜ ጢም አውጥቷል። እናቴን ከቀበርናት ሁለት ዓመት ሆነን። ጎረምሳ በልጃገረድ ድምፅ ሲናገር እኔን ስላሳፈረኝ፣ የወንድ ድምፅ ያለው አዲስ ታብሌት ላክሁለት። አብሮት የሚኖረው አባቴ ባለፈው ሳምንት የደወለው ወንድሜ አዲሱን እምቢ ማለቱን ሊያሰማኝ ነው፤ ስልኩን አሮጌው ታብሌት አጠገብ ያዘው።

«ሞክረው እንጂ፣ ጎረምሳ አይደለህም?» አልኩት ወንድሜን።

«በቃኝ» አለኝ በድምፄ። ወዲያው እናቴ ከጓሮ ጠራችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ነይ እንጂ!»

የአዲሱን ነገር ተውኩት። «በሞቴ» አልኩት፣ «አንዴ ድገምልኝ።»

ደገመልኝ።