የሙነወር ልብስ ስፌት የሥራ ሰዓት

ሐሚዳ ሙነወር ከገርጂ እስከ ኦሎምፒያ ያለውን ሱቅ፣ ካፌና ክሊኒክ አብዛኛውን በስም ታውቀዋለች። ሥራዋ እነሱን መጻፍ ነው። ቴክኒክና ሙያ ገብታ ዳታቤዝ ተማረች፤ በ2010 ዓ.ም. እዚያው ገርጂ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቢሮ ተቀጠረች። ቢሮው የአካባቢውን ንግድ ቤቶች የሚያስተዋውቅ ድረ ገጽ ነበረው። ገጹን ከሞላ ጎደል የሞላችው እሷ ናት።

ያኔ የምትጽፈው ለሰው ነበር። የመንገዱን ስም ማንም በማይጠራበት፣ የቤቱን ቁጥር ማንም በማያስታውስበት ከተማ ለሰው መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «ከመስጊዱ ወረድ ብሎ፣ ከትራንስፎርመሩ ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ ሸራ የዘረጋው» ብላ ትጽፋለች፤ ሰውም ሸራውን ፈልጎ ይደርሳል። ትራንስፎርመሩ ሲነሳ «ትራንስፎርመሩ የነበረበት» ብላ አስተካከለችው። ማንም አልጠፋም።

ሰማያዊ ሸራ የዘረጉት አባቷ ናቸው። መጀመሪያ የጻፈችውም የእሳቸውን ነው።

ሙነወር ከኮምቦልቻ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የመጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ማሽን ሠርተዋል። አዲስ ልብስ ብዙም አይሰፉም፤ ሙያቸው ማስተካከል ነው፤ ማሳጠር፣ ማጥበብ፣ ገበር መቀየር፣ ከእናት የተወረሰ ቀሚስ ለልጅ ልክ ማድረግ። ጨርቁን በቀጭን ደረቅ ሳሙና ያሰምሩበታል፤ ጠመኔ ያቆሽሻል ይላሉ። ሜትራቸውን ሳያነሱ ግን አንድ ጥያቄ አላቸው፤ «ይሄን ለብሰህ የት ነው የምትሄደው?» ለቢሮ ከሆነ ወገቡ ይጠብቃል። ለለቅሶ ከሆነ ላላ ይደረጋል፤ ድንኳን ውስጥ ብዙ መቀመጥ አለ።

ገበያቸው ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነበር። የቢሮ ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ይመጣል። ግማሹ በሐሚዳ ገጽ የመጣ ነው። «ጋሽ ሙነወር፣ ልጅዎ ጽፋልዎ አይቼ ነው» ሲሏቸው ደስታቸውን በመገሰጽ ነበር የሚደብቁት፤ «የጻፈችው ሌላ፣ እኔ የምሰፋው ሌላ፤ ቁም ልለካህ!»

በ2014 ማለቂያ ገጹን የሚከፍተው ሰው ቁጥር ወረደ። የቢሮው ኃላፊ ሉቃስ አንድ ቀን ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሐሚዲ፣ ሰው ማንበብ ትቷል» አላት። «ሰው ስልኩን ይጠይቃል፤ ስልኩ ያነብለታል። ካሁን በኋላ አንባቢያችን ማሽን ነው። ማሽን ደግሞ ‹ወረድ ብሎ› አይገባውም።»

«ካልገባው ወረድ ብሎ ሰው ይጠይቃ!»

«ሰውዬዋ አንቺ ነሽ እኮ! አንቺን ነው የሚጠይቀው። ያውም በቅጽ።»

እውነትም ቅጽ ነበር። ስም ለብቻ፣ የሥራ ዓይነት ለብቻ፣ መክፈቻ ሰዓት ለብቻ፣ መዝጊያ ሰዓት ለብቻ። የተሞላው ከገጹ ጀርባ ይቀመጣል። ሰው አያየውም፤ ማሽኑ ግን አምኖ የሚያነበው እሱን ነው። ሐሚዳ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ሞላች። ለሁሉም ደወለች። የነገሯትን ሰዓት ወደ ፈረንጅ እየቀየረች አስገባች። እንዳትሳሳትም በሁለተኛው ቀን ቁራጭ ወረቀት ላይ «ለቀን ስድስት ደምሪ፣ ለምሽት አሥራ ስምንት ደምሪ» ብላ ጽፋ ኮምፒውተሯ ጠርዝ ላይ ለጠፈች።

ያልደወለችው ለአንድ ቤት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ ከሁሉ በፊት፣ ቅጹን ስትለምድ የሞላችው የአባቷን ነው። ለአባቷ ምን ብላ ትደውላለች? ከልጅነቷ ጀምሮ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከፍተው ማታ በሁለት ሰዓት ሲዘጉ ያየች ናት። መክፈቻው ላይ ሁለት፣ መዝጊያው ላይ ሁለት አለች። ቅጹ ቀላ፤ መክፈቻና መዝጊያ አንድ ሊሆን አይችልም አላት። እስከ ሃያ አራት እንደሚቆጥር ታውቃለች። ሁለት ላይ አሥራ ሁለት ደመረችና አሥራ አራት አለች። አረንጓዴ ምልክት መጣ። ወደሚቀጥለው አለፈች።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ የሙነወር አመሻሽ ጭር ማለት ጀመረ።

የጥንት ደንበኞቻቸው ጠዋት ጠዋት መምጣታቸውን አልተዉም። ግን እነሱም አንድ በአንድ ኮንዶሚኒየም እየደረሳቸው ከሰፈር ወጡ። በእነሱ ቦታ መምጣት የነበረበት አዲስ ሰው አልመጣም። አሥራ አንድ ሰዓት ይሆናል፣ አሥራ ሁለት ይሆናል፤ ሙነወር ካውያቸውን እንዳሞቁ በር በሩን ያያሉ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሙሽራ ኮቱን መልሶ አመጣ። «ጋሼ፣ የግራው እጅጌ ይረዝማል» አለ። ለኩት። እውነቱን ነው፤ ግማሽ ጣት ይረዝማል። ይቅርታ ጠይቀው አስተካከሉለት፣ ልጁም መርቋቸው ሄደ። ሙነወር ግን እጃቸውን ይጠረጥሩ ጀመር። የጠፋው ሰው ሁሉ በዚያ እጅጌ የተነሳ የቀረ መሰላቸው። ዓይናቸውን ተመረመሩ፤ መነጽር ገዙ። አንዱን ሱሪ ሰፍተው፣ ፈተው፣ እንደገና ይሰፉ ጀመር።

«ሐሚ» አሏት አንድ ቀን፣ ያሳጠሩትን ሱሪ እጥፋት በጥፍራቸው እየዳበሱ። «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። እጄ ላልቷል?»

«ኧረ አባዬ! ዘመኑ ነው። ሰው የቦንዳ ልባሽ ገዝቶ ሳያስጠብብ ይለብሳል። ሰፊ ልብስ ፋሽን ሆኗል።»

«ሳያሳጥሩ መልበስም ፋሽን ሆኗል?»

«እሱም ሆኗል።»

ባለሙያዋ እሷ ነበረች። ሰው በስልኩ ምን እንደሚፈልግ የምታውቀው እሷ ነበረች። እሳቸው ግን አላመኗትም፤ ልጅ ለአባቷ አዝና የምትለው መሰላቸው።

በጥር 2017 ሱቁን ለቀቁ። ማሽኑን ለጎረቤታቸው ለዘኪያ ሰጧት። ዘኪያ ቦሌ ለሚ ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ የምትሰፋ ልጅ ናት፤ ከኮሌታ ሌላ ለመልመድ ጓጉታ ነበር። «ጋሼ፣ እጅጌ አገጣጠም ያሳዩኝ» ብላ ብትመጣ፣ «የኔን እጅ አትከተይ፤ የሚያይ ሰው ፈልጊ» ብለው መለሷት። ከዚያ በኋላ መርፌ አልነኩም።

በሰኔ አንድ ቀን፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ቢሮው ከተቀጠረች ገና ሁለተኛ ሳምንቷን የያዘችው የዲና ጉርድ ቀሚስ ዚፕ ተበጠሰ። ዲና ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ በአንድ እጇ ቀሚሷን ይዛ፣ በሌላው ስልኳን አፏ ላይ አድርጋ «ገርጂ አሁን ክፍት የሆነ ልብስ ሰፊ» አለች።

«ሐሚዳ፣ ሙነወር ልብስ ስፌት የአባትሽ ነው እንዴ?»

«ነበር። ከጥር ወዲህ ተዘግቷል።»

«ኧረ ለዛሬ ነው ክሎዝድ የሚለው! በየቀኑ ቱ ፒ ኤም ላይ ይዘጋል ይላል። በኛ ስምንት ሰዓት! ምሳ በልቶ ቤቱ የሚገባ ልብስ ሰፊ! አባትሽ አምባሳደር ናቸው?»

ሐሚዳ ልትስቅ ነበር። ተወችውና ከገጹ ጀርባ ያለውን ቅጽ ከፈተች። መክፈቻ 02:00። መዝጊያ 14:00። ከሥር የሞላው ሰው ስም፤ ሐሚዳ ሙ.።

በማሽኑ አነባበብ አባቷ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከፍተው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይዘጉ ነበር። ከሥራ ወጥቶ ልብስ ሰፊ ለሚጠይቅ ሰው ሁሉ ስልኩ ሌላ ቤት ይጠቁመዋል። ይህ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቷል። ማንም አላረመውም። ሙነወር የሚይዙት ቁልፍ ያለው ስልክ ነው፤ ከመደወል ሌላ አያውቅም። ሐሚዳም ስለ አባቷ ሱቅ ስልኳን ጠይቃ አታውቅም።

ሉቃስ ከኋላዋ መጥቶ ስክሪኑን አየ።

«ከአራት መቶ ምናምን ውስጥ አንድ ስህተት? ሪከርድ ነው! ፊክስ አርጊውና እንለፍ።»

«የአባቴ ነው» አለች።

ሉቃስ እጁን ወንበሯ ላይ አሳረፈ። ከዚያ «ቦርሳሽን ያዢና ሂጂ» አላት።

ከመሄዷ በፊት አስተካከለችው፤ 08:00፣ 20:00። ለምን እንዳስተካከለችው አላወቀችም። ስህተት አይታ ማለፍ ስለማትችል ይሆናል።

በእግሯ ሄደች። ሱቁ አሁን ጁስ ቤት ነው፤ ሸራው ግን ያው ሰማያዊው ነው፣ አላወረዱትም። ቤት ስትደርስ አባቷን የአሱርን ሶላት ሰግደው በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ምነው ዛሬ በጊዜ?»

«አባዬ፣ የምነግርዎ ነገር አለ።»

«ተቀመጪና ንገሪኝ። ቆሞ የሚነገር ነገር አልወድም።»

ተቀምጣ ነገረቻቸው። ሳታሳጥር፣ ሳታስውብ፣ ከቅጹ መቅላት ጀምሮ። ሙነወር እንደ ባለሙያ ይጠይቁ ነበር።

«በስንት ይከፍታል ብለሽ ጻፍሽ?»

«በሁለት።»

«በሁለት ነው እኮ የምከፍተው።»

«ለማሽኑ ስምንት ማለት ነበረብኝ። እሱ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው።»

«እሺ። ታዲያ ሰው ሲጠይቀው…»

«ተዘግቷል ይል ነበር። ከስምንት ሰዓት ወዲያ፣ በሙሉ።»

«እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ።»

«እርስዎ እዚያው ቁጭ ብለው።»

 ከታች ሚኒባስ ጥሩንባ ነፋ፤ አለፈ። ሐሚዳ ቁጣውን ትጠብቅ ነበር፤ ቢመጣ ይቀላት ነበር። ሙነወር ቀኝ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያይ ሰው አገላብጠው አዩት።

«እጄ ደህና ነበር በይኛ።»

«ደህና ነበር አባዬ። አንድ እጅጌ ነው የሳቱት፤ እሱንም አስተካክለውታል።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ሰፋሁት» አሉ። «ያቺን ልጅ ደግሞ የኔን እጅ አትከተይ አልኳት።»

«አሁንም ሊያሳዩዋት ይችላሉ። ማሽኑ እሷ ጋ ነው።»

እጃቸውን ዘርግተው ያዙት። ጣቶቻቸው በትንሹ ይንቀጠቀጡ ነበር። ሁለቱም አዩ።

«ያኔ ነበር ደህና» አሉና እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱት።

ሐሚዳ አለቀሰች። ይቅርታ ለማለት ስትጀምር «ተይ» አሏት። «ሁለትን ሁለት ብለሽ ነው። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምጽፈው።» ቀጥለውም «አሁንስ ምን ይላል?» አሉ።

ስልኳን አውጥታ ጠየቀችው። ሙነወር ልብስ ስፌት፣ አሁን ክፍት ነው፣ ከምሽቱ 8:00 ላይ፣ በኛ ማታ በሁለት ሰዓት፣ ይዘጋል የሚል መጣ። ሙነወር መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ደግመው አነበቡት።

«ሰው ሊመጣ ነዋ።»

«ሊመጣ ይችላል።»

«ሱሪውን ይዞ ጁስ ቤት?» መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰው አታንከራቺ ሐሚ። ዝጊው።»

በስልኳ ቅጹን ከፈተች፤ መጨረሻው ላይ «በቋሚነት ተዘግቷል» የምትል ሳጥን አለች። ለሌሎች ብዙ ጊዜ ነክታታለች፤ ሱቅ በለቀቀ ቁጥር። የአባቷን ግን ከጥር ጀምሮ ትታት ነበር። ጣቷን ሳጥኗ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ሰዓቱ ይጠፋል?» አሉ ሙነወር።

«አይጠፋም። ከጀርባው ይቀራል። ሰው አያየውም፤ ማሽኑ ብቻ ነው የሚያነበው።»

«ይቅር እንግዲያው። ከሁለት እስከ ሁለት ቁጭ እል እንደነበር እሱ እንኳን ይወቅ።»

ነካችው። እንደ መጀመሪያው ቀን አረንጓዴ ምልክት መጣ።