ጋራዥ ውስጥ የተከፈተው የጃዝ ቤት

ወልድያ ውስጥ በዘፋኝነት የተቀጠርኩት ድሮ መኪና ይጠገንበት በነበረ ጋራዥ ውስጥ ነው። ባለቤቱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። በየመንገዱ የድሮ የሳክስፎን ሙዚቃ ሲሰማ ኖሮ፣ አንድ ቀን መኪናውን ሸጠና ጋራዡን ተከራይቶ ግድግዳውን ሰማያዊ አስቀባው፤ የጃዝ ምሽት ቤት ከፈተ። ከጦር ሠራዊት ባንድ በጡረታ የወጡ አንድ ሳክስፎን ተጫዋች አዛውንትም ለምኖ አመጣ።

የመጀመሪያዎቹ ምሽቶች አያድርስ ነበሩ። አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጫወቱ እንግዳው ቢራውን ጨልጦ ይወጣል። እንዲያውም አንዱ፣ «እኚህ ሰውዬ መቼ ነው የሚጀምሩት?» ብሎ ጠየቀኝ።

የባለቤቱ ፊት ሲጠቁር ጊዜ፣ «ጋሼ፣ እኔ አምባሰል ልዝፈን፣ አንቱ ይከተሉኝ» አልኳቸው።

«ሳክስፎን ከዋሽንት በምን ያንሳል? ዝፈኚ» አሉኝ።

ሁለተኛውን ስንኝ ሳልጨርስ፣ ሊወጡ የተነሱት ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ መቀመጫ ጠፋ። ከጎረቤት ከተማ ከመርሳ በሚኒባስ ተጭነው የሚመጡ ነበሩ። ባለቤቱ ነጭ ሙሉ ልብስ አሰፍቶ፣ ያንን ቦርጩን ይዞ በየጠረጴዛው መሀል ይደንስ ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ ሁላችንም በየፊናችን ሸሸን። ስንመለስ ድምፅ ማጉያው፣ ወንበሩ፣ በሩ ሳይቀር የለም። የተረፈው አዛውንቱ አቅፈውት የተሰደዱት ሳክስፎን ብቻ ነው። ባለቤቱ ከጎረቤት ወንበር ለምኖ እንደገና ከፈተ። ነገር ግን ሰዓት እላፊ ስለነበር ሰው ሳይመሽ ወደ ቤቱ ይሮጣል። አንድ ቀን ለባዶ ወንበር ዘፍኜ ስጨርስ ብቻውን አጨበጨበልኝና፣ «በቃን፣ እህቴ» አለኝ። ቁልፉን ለአከራዩ መልሶ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ መርሳ ሄደ። እኔም አለቀስኩ።

ከወራት በኋላ ደወለልኝ። «አሁን የምሸጠው የማንጎ ጭማቂ ነው፤ የምንጫወተውም በቀን። ትመጫለሽ?»

አዛውንቱን ይዤ ሄድኩ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከአባቱ በወረሳቸው የማንጎ ዛፎች ሥር እንጫወታለን። መጠጥ ስለሌለ፣ የጋራዡን ደጅ ረግጠው የማያውቁ ሙስሊም ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው ይመጣሉ። ባለፈው ቅዳሜ እዚያው አቅራቢያ ካለችው ከግራና ከተማ የመጡ አንድ ሐጂ ከፊት ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሲያዳምጡን ዋሉ። ሲነሱ ወደ አዛውንቱ ጠጋ ብለው፣ «ማሻአላህ፣ ይኼ ብረት አማርኛ ይችላል እንዴ?» አሏቸው።

«ወሎ ነው ያስተማረው» አሉ ጋሼ።

ባለቤቱ ማንጎ እየላጠ ከት ብሎ ሳቀ። ሐጂውም በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚስታቸውን ይዘው እንደሚመጡ ነግረውን ሄዱ።